ባለቤቴ አፉን ለነፋስ የከፈተበት በጋ

ባለቤቴ ክትፎ ያለ ሚጥሚጣ ስጡኝ ያለ ቀን፣ እኔ ብቻ ሳልሆን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደነገጠ። የአረፋ በዓል ነበር። ልጆቻችን ከአዲስ አበባም ከወልቂጤም መጥተው፣ ቡታጅራ ዳር ያለችው ቤታችን ጢም ብላለች። ቅቤው ቀልጧል፣ ሥጋው ተከትክቷል፣ ቆጮው ተቆራርጦ ቀርቧል፤ ሁሉም እጁን ታጥቦ ይጠባበቃል። ሽማግሌው ጎንበስ አለና በጆሮዬ፣ «የእኔን ለብቻ አድርጊልኝ፤ ሚጥሚጣ እንዳይነካው» አለኝ።

እኔ ምስጢር መያዝ አልችልበትም። «ምን? ሚጥሚጣ አልፈልግም ነው ያልከው?» ብዬ ጮህኩ።

ታናሽ ወንድሙ ከማዶ ሆኖ፣ «ወንድሜ፣ አገር ቀየርክ እንዴ?» አለው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱ ግን አልሳቀም። በግራ በኩል ያለውን ጉንጩን በመዳፉ ያዝ አድርጎ፣ አልጫ ክትፎውን ጡት እንደሚጠባ ሕፃን ቀስ እያለ ዋጠ። እኔ ከቆሼ ገበያ የማረቆ በርበሬ እያመጣሁ ወልቂጤ ድረስ ስነግድ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የበርበሬ ነጋዴ ባል ከበርበሬ ሲሸሽ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሰውዬ አፍ ትንሽ ልንገራችሁ። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ጫት የሚይዘው በግራ ጉንጩ ነው። ቀኙ ለወሬ ነው። ከሰዓት በኋላ መጥቶ ያየው ሰው፣ ጉንጩ ውስጥ እንግዳ አስቀምጦ እሱንም እኛንም እያስተናገደ የሚያወራ ይመስለዋል። በላዩ ላይ ጋያውን፣ ያንን የትምባሆ ማጨሻ ቅሉን፣ ይስባል። «ይሄ ጢስ ሳንባህን አያነቅለውም?» ስለው፣ «ትንኝ አይጠጋኝም» ይለኛል። መልስ አያጣም። መልስ ስለማያጣም ነው መሰለኝ ሰፈሩ ሁሉ ለዱዓ የሚጠራው። ልጅ አረብ አገር ስትሄድ፣ ሙሽራ ስትወጣ፣ ላም አልወልድ ስትል፣ ሰው ሲታመም፣ «እሳቸውን ጥሯቸው» ይባላል። እጁን ዘርግቶ «ያ ረቢ» ብሎ ከጀመረ ለታመመው ብቻ አይደለም የሚለምነው። ለከብቱ፣ ለእንሰቱ፣ ለዝናቡ፣ ተጀምሮ ለቀረው መንገድ፣ ሄዶ ላልመጣው መብራት፣ ሁሉንም ያዳርሳል። እግሬ ደንዝዞ «አሚን» ያልኩበት ከሰዓት ብዙ ነው። ግን እሱ ሲናገር የሰው ፊት ሲፈታ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጇን ቀብራ የመጣች ሴት እሱ ፊት ተቀምጣ ትንፋሿ ሲመለስ አይቻለሁ። ምላሱ ሥራው ነው፤ ሌላው ሥራ፣ እርሻውም ከብቱም፣ የትርፍ ጊዜው ነው ብል አልዋሸሁም።

በበዓሉ ማግስት እንግዳው ሲበተን፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩትና፣ «ክፈት» አልኩት።

«ምኑን?»

«አፍህን ነዋ! ሳላዝህ ስትከፍት ኖረህ ዛሬ ሳዝህ ጠፋብህ?»

ከፈተ። ከምላሱ በግራ በኩል፣ ከጎኑ ዝቅ ብሎ፣ የበቆሎ ፍሬ የሚያክል ቁስል አለ። ዳሩ ደረቅ ያለ ነው፤ መሃሉ ነጣ ቀላ ብሏል። «መቼ ነው የወጣው?» ስለው «ትንሽ ቆየ» አለኝ። ትንሽ የሚለው ከረመዳን በፊት መሆኑ ነው። ለካስ እኔ ሳላውቅ ዝንጅብል ሲጠቀጥቅበት፣ ጨው ሲነሰንስበት፣ ቅቤ ሲቀባው ከርሟል።

አላህ ሲፈልግ በዚያው ሰሞን የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ መጣች። ስለ ሽንት ቤት ጉድጓድ ልትጠይቀን ነው የመጣችው። እኔ ጉድጓዱን ትቼ አፉን አሳየኋት። በስልኳ መብራት አየችና ፊቷ ተለወጠ። «አባባ፣ ይሄ ይሄን ያህል ጊዜ ሳይድን ከቆየ ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም፤ ሆስፒታል ይሂዱ» አለች። ሄድን። ከቁስሉ ቆንጥረው ወሰዱና ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላኩት። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ፣ ከሰሜን የመጣ ቀጭን ልጅ፣ ወንበሩን ወደ እኛ አስጠጋ። ሐኪም ወንበሩን ሲያስጠጋ ጥሩ ነገር እንደማይናገር አውቃለሁ።

«አባት፣ ካንሰር ነው» አለ። «እስካሁን ምላሱ ላይ ብቻ ያለ ይመስላል። አንገትዎ ላይ ያበጠ ነገር አላገኘሁም፤ ይሄ ጥሩ ነው። ወደ አንገት ሳይወርድ አዲስ አበባ ሄደው በቀዶ ጥገና ይውጣልዎ። ከምላስዎ ጎን ግን የተወሰነ አብሮ ይቆረጣል።»

ባለቤቴ አሰብ አደረገና፣ «የትኛው ነው የሚቆረጠው፣ አማርኛው ነው ጉራጊኛው?» አለው።

ልጁ ሳይፈልግ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሆስፒታሉ በር ስንወጣ ግን ሳቁ ቀረ። «አልሄድም» አለኝ። «ዱዓ በእጅ አይደረግም። ግማሽ ምላስ ይዤ ሰው ፊት ከምንተባተብ ሙሉውን ይዤ ልሙት።» ከዚያ በኋላ ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ባኮርፈው ወይ ፍንክች። እኔ ባሌን ነው የምፈልገው፤ እሱ ምላሱን ነው የሚፈልገው። ሁለታችንም የምንፈልገው አንድ ሰውዬ ላይ ነው ያለው፣ እንዴት እንካፈለው?

በመጨረሻ ወደ ወልቂጤ ይዤው ሄድኩ። ልጃችን ናፍቃኛለች አልኩት፤ እውነት ነው፣ ግን የሄድኩት ለልጇ ነው። የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ባዮሎጂ ይሉታል። አስተማሪዋ ስለ ካንሰር የሚመራመር ሰው መሆኑን ሰምቻለሁ። እኔ ቀለም ያየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ ከኋላቸው ቆሜ ስለሆነ፣ የተማረ ሰው ሲናገር ቃሉን ብቻ አይደለም የምሰማው፤ አገጩንም አያለሁ፣ ያመነበትን ነው የሚናገረው ወይስ የሸመደደውን። የዚች ልጅ አገጭ አይዋሽም።

እሷም ነገሩን ስትሰማ አያቷ አጠገብ ተቀመጠችና፣ «አባባ፣ ተምሬያለሁ ብዬ ላስተምርህ አይደለም» አለች።

«ታዲያ ጉሮሮሽን ለምን ጠረግሽ?» አላት።

«ስማኛ! ይሄ ነገር ሲያድግ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያድገው። ደም የሚያመጡለት ሥሮች አይደርሱለትም። ስለዚህ መሃሉ ላይ ኦክስጅን ያጥረዋል።»

«ኦክስጅን ምንድን ነው?»

«አየር በለው።»

«አየር ካጠረውማ ይሙታ! ምን ቸገረኝ?»

«ችግሩ እሱ ነው፤ ዝም ብሎ አይሞትልህም። አየር ሲያጥር የሚነሳ አንድ ፕሮቲን አለ።»

«ሥጋውን ልተወው ነው የምትይኝ?»

«የምትበላው አይደለም አባባ፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነው። በጤነኛ ሰውም አለ። አየር በደንብ ካለ ሰውነት እንደሠራው ወዲያው ያፈርሰዋል፤ ሥራ አይጀምርም። አየር ሲጠፋ ግን የሚያፈርሰው ያጣል። ይከማችና ማዘዝ ይጀምራል። ካንሰሩን፣ አዲስ የደም ሥር ሳብ ይለዋል። ከጎረቤትህ ተላቀቅ፣ ከዚህ ውጣ፣ ሌላ ቦታ ፈልግ ይለዋል። ከምላስ የሚነሳው ደግሞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው አንገት ውስጥ ወዳሉት እጢዎች ነው።»

ባለቤቴ ጢሙን አሻሸ። «ስብሰባ ጠሪ ነው በይኛ» አለ። «የእኛ ሰፈር አንድ ለአምስት አደራጅ ማለት ነው።»

«ልክ እንደሱ!» አለች፤ ደስ አላት።

እኔም አርፌ አልተቀመጥኩም። «እንደ ቆጮ ጉድጓድ ነው የሚሠራው» አልኩ። እሱ ወንድ ስለሆነ ጉድጓዱን አያውቀውም፤ በእኛ ዘንድ እንሰት ሲፋቅ ወንድ አይጠጋም፣ ነውር ነው። የፋቅነውን ጉድጓድ ውስጥ በኮባ ጠቅልለን፣ ረግጠን፣ ድንጋይ ጭነንበት እንተወዋለን። አየር በማይገባው ጨለማ ውስጥ ሆኖ ነው እየተብላላ ሥራውን የሚሠራው። ይሄን ነገርኩት።

«አየር ቢገባውስ?» አለኝ ፈጠን ብሎ።

«ይበላሻል። ይጠቁራል፣ ይሻግታል።»

ግድግዳውን ደገፍ አለና፣ ፍርድ ቤት የረታ ሰው መሰለ። እኔ እንኳን ገብቶት ነው ብዬ በልቤ አልሃምዱሊላህ አልኩ። ምን እንደገባው ያወቅኩት ስንመለስ ነው።

ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ በጉመር፣ በአረቅጥ በኩል ነው የሚኬደው። መንገድ እወዳለሁ፤ መኪና ውስጥ ስቀመጥ የተወለድኩበትን የቸሃን ደጋ እያየሁ፣ የማን ቤት የማን እንሰት እያልኩ መሄድ ነው ደስታዬ። ያን ቀን ግን ማየት አልቻልኩም። ሽማግሌው ገና ከመነሳታችን የሚኒባሱን መስኮት ገርበብ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ፣ አፉን በሰፊው ከፈተ።

ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። «መስኮቱን ዝጉት!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። «ብርድ ይመታናል!» አለ ሌላው። ሕፃን የታቀፈች ሴት ነጠላዋን እላዩ ላይ እየደራረበች፣ «አባባ፣ ልጄን ሊያስመቱብኝ ነው?» አለች።

«ሕክምና ላይ ነኝ» አለ ባለቤቴ፤ አፉን ሳይገጥም ስለተናገረ ግን ማንም አልገባውም።

ረዳቱ ዞሮ አየውና፣ «ፋዘር፣ ምን ሆነው ነው? ሊያስመልስዎ ነው?» አለ።

እኔ ነኝ የመለስኩት፤ «አየር እያስገባ ነው፤ እንዲበላሽለት» አልኩ። ይሄን ጊዜ ተሳፋሪው ሁሉ እኔን ማየት ጀመረ። አረቅጥ ስንደርስ ብርዱ እንደ መርፌ ነበር። እሱ ዓይኑ እያለቀሰ፣ ጢሙ አቧራ ለብሶ፣ አፉን አልዘጋም። የጉመር አቧራ ግማሹ በእሱ አፍ አልፎ ነው ቡታጅራ የገባው።

ከዚያ በኋላ ያለው በጋ እንዲህ ሆነ። ጠዋት ነፋስ ሲነሳ በር ላይ በርጩማ አስቀምጦ፣ ነፋሱ በመጣበት ዞሮ፣ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። አላፊ አግዳሚው እየጠራው ይመስለዋል። «አቤት?» ብሎ የሚመጣ አለ። አንዷ ጎረቤቴ በቀስታ፣ «እሳቸው መናገር የፈለጉት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለም፤ ዛሬስ ቢያንስ ሳይናገር ነው የከፈተው» አልኳት። ይባስ ብሎ ደግሞ የጫት ጓደኞቹ ነገሩን ሰሙ። እነሱም ዕድሜ ልካቸውን ጉንጫቸው ውስጥ ሲያስተናግዱ የኖሩ ናቸውና፣ ለጥንቃቄ ነው ብለው መጡ። አንድ ከሰዓት ከገበያ ስመለስ ሽማግሌዎች በተርታ ተደርድረው፣ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ወደ ዘቢዳር ተራራ ሲያዩ አገኘኋቸው። የወፍ ጫጩት ነው የመሰሉኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ቁስሉ ግን አልቀነሰም። ሾርባ ሲጠጣ ዓይኑን ይጨፍናል። «ረ» ማለት ከብዶት ነበር፤ ምላሱ ጠንከር ብሎ እንደ ልቡ አልታዘዝ ብሎታል። ጋያውን ትቷል፣ ጫቱን ወደ ቀኝ አዛውሮ ቆይቶ እሱንም ተወ። ንጋት ላይ ፈጅር ሰግዶ ሲመለስ፣ እኔ ጋቢውን የማስተካክል መስዬ አንገቱን በጣቶቼ ዙሪያውን እዳስሳለሁ። ሐኪሙ ያለውን አልረሳሁም፤ አንገቱ ላይ አንዲት ኩርንችት የምታክል ነገር ካገኘሁ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

«ሴትዮ፣ በእርጅናሽ ምን ነካሽ?» ይለኛል።

«ጋቢህን ላስተካክልልህ ነው፤ ዝም ብለህ ቁም» እለዋለሁ። እሱ ፍቅር መስሎት ደረቱን ይነፋል። ፍቅርም ነበር እኮ።

አንድ ቀን ልጃችን ወልቂጤ ሆና ደወለችና፣ «አባባ እንዴት ነው?» አለች። «ደህና ነው፤ ውጭ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል» አልኳት። ስልኩን የልጅ ልጄ ቀማቻት። «አፉን ምን?» አለች። ነገርኳት። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ጩኸት በስልክ ባይሆንም ከወልቂጤ በደረሰኝ ነበር። በማግስቱ ቦርሳዋን ይዛ ደጃችን ላይ ቆመች።

«አባባ! አየሩ በአፍ አይደለም የሚገባለት! በደም ነው የሚደርሰው! አንተ ብትከፍት ባትከፍት እብጠቱ መሃል አይደርስም!»

«ቀድመሽ አትናገሪም?»

«ደም ሥር አይደርስለትም አላልኩም?»

«አየር አልሽ። አየሩ ደግሞ ይኸው» አለና ወደ ሰማይ አመለከተ።

አለቀሰች። አያቷ ሰው ሲያለቅስ አይችልም። ዱዓ ሊያደርግላት እጁን ዘረጋ፤ ጀመረ፤ ሁለተኛው ቃል ላይ ምላሱ ያዘው። መልሶ እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እሷም እኔም ያላየን መሰልን።

በማግስቱ እንሰት ሊተክል ወደ ጓሮ ወጣ። እንሰት መፋቅ የሴት ነው፤ መትከል ግን የወንድ ነው፣ በዚያ ማንም አያዘውም። ችግኝ የሚወጣው ከፍሬ አይደለም። ወጣት እንሰት ይቆረጥና፣ ከሥሩ መሬት ውስጥ ያለው ትልቁ ድንች መሳይ፣ አሚቾ የምንለው፣ ይወጣል። መሃሉ ላይ ወደ ላይ የምታድገዋ ልቡ አለች። እሷ በቢላ ተፈልፍላ ትወጣለች፣ ቀዳዳው በፍግና በአፈር ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ አሚቾው ይቀበራል። ልቡን ካላወጡት ያው አንድ እንሰት ሆኖ ያድጋል። ልቡ ወጥታ፣ ጨለማ ውስጥ ታፍኖ የተቀበረው ግን ዝናብ ሲመጣ ዙሪያውን ልጅ በልጅ ይሆናል። ያንን ነቅሎ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ይተክላል። ጓሯችን ያለው እንሰት ሁሉ እንዲህ የተበተነ ነው።

የልጅ ልጄ ግንድ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች፤ አኩርፋለች። እኔ ከአጥሩ ሥር ጎመን እየለቀምኩ ጆሮዬ እነሱ ጋ ነው። እሱ ቢላውን አስገብቶ ልቡን ፈለፈለ፣ ፍጉን ጠቀጠቀ፣ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባውና አፈር ሊመልስበት ሲል እጁ ቆመ።

«ያ አደራጅሽ» አላት፤ «ፕሮቲኑ። ሲታፈን ነው ያልሽው የሚነሳው?»

«ሲታፈን ነው።»

«ሲነሳ ውጣና ሌላ ቦታ ትከል ነው የሚለው?»

«አዎ አባባ።»

«እና የታፈነው መሃሉ ነው፤ የሚወጣው ግን በዳር በዳር ነው።»

ልጅቱ ኩርፊያዋን ረስታ ተነሳች። «በትክክል አንድ ዓይነት አይደለም፤ እንሰቱ…» ብላ ልታብራራ ስትጀምር፣ እጁን አነሳ።

«ተይ፣ የራሴን ሥራ አታስረጂኝ» አላት። ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን አሚቾ ብዙ ጊዜ አየው። አፈሩን አልመለሰበትም። «እኔ ይሄን የምቀብረው እንዲበተንልኝ ነው» አለ። «እንዳይበተን የፈለግኩትን ግን ችግኝ ሳያወጣ ቀድሜ ነው ከመሬት የምነቅለው። ችግኝ ካወጣ በኋላ እኮ እናቱን ብነቅላት ምን ዋጋ አለው? ልጆቹ ሄደዋል።»

አንገቱን በአፈራማ እጁ ዳሰሰ። እኔ ስዳስሰው የከረምኩትን ቦታ ነው የዳሰሰው። ያኔ ለካስ ጋቢ ማስተካከሌ እንዳልሸወደው ገባኝ።

«የአዲስ አበባ መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

«ምላስህስ?» አልኩት። እኔ ነኝ ደግሞ እንዲህ ያልኩት፣ ስለምነው የከረምኩት! አንዳንዴ አፌን የሚይዝልኝ ያስፈልገኛል።

«ምላሴማ ጥሎኝ መሄድ ጀምሯል፤ ትናንት አላያችሁም? የቀረውን ላትርፍ» አለ። ከዚያም ለልጅቱ፣ «አንቺ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ከምታለቅሺ ያንን አፈር መልሺበት፤ እሱስ ይበተን» አላት።

አዲስ አበባ ወንድ ልጃችን ቤት አረፍን። ተራ መጠበቅ ነበረው፤ ኮሪደር ላይ መቀመጥ፣ ካርድ መያዝ፣ ዛሬ የለም ነገ ኑ መባል ነበረው። እሱ ኮሪደሩ ላይ ያሉትን በሽተኞች ሁሉ በየአገራቸው ለያቸው፤ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ግማሹ ሰው ዘመዱ ሆኗል። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገፉት እጄን ያዘና ብዙ አወራኝ። ምን እንዳለኝ ለናንተ አልነግራችሁም። እሱ ሙሉ ምላሱ ሳለ የተናገረው የመጨረሻው ነው፤ ለራሴ ላስቀረው።

የቆረጠችው ሐኪም ስትወጣ ከልጄ ጋር ወደ እሷ ሄድን። «ከምላሳቸው ግራውን ጎን ቆርጠናል፤ አብዛኛው አለ» አለች። «አንገታቸውንም ከፍተን እጢዎቹን አውጥተናል። ውጤቱ ሲመጣ ነው የምናውቀው።» ውጤቱ ሲመጣ አንዷ እጢ ጀምሯት ነበር። አንዷ ብቻ። በእጅ ስትዳሰስ የማትገኝ ትንሽ ናት አሉን፤ እኔ ጠዋት ጠዋት ጣቴን ሳሳልፍባት የነበረችው ናት። «በጥሩ ጊዜ ነው የወጣችው፤ ግን ጨረር ያስፈልጋቸዋል፤ ከዚያም እየተመላለሱ ይታያሉ» አለችን። ድኗል አላሉም፤ አልዳነምም አላሉም። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

በአፍንጫው ቱቦ ገብቶለት፣ መናገር ተከልክሎ የተኛበት ጊዜ ለእኔ እንዴት እንደነበር ልናገር? ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ግን በትዳራችን ሙሉ ያቋረጠብኝን ወሬ ሁሉ አንድ በአንድ ጨረስኩለት። በቆሼ ገበያ ያ ደላላ ምን እንዳደረገኝ፣ እናቱ በሠርጋችን ቀን ምን እንዳለችኝ፣ ሁሉንም። ዓይኑን እያጉረጠረጠ ከመስማት ሌላ ምን አማራጭ ነበረው? ነርሷ «እማማ፣ ያሳርፏቸው እንጂ» ብትለኝ «እኔ ነኝ ዛሬ ያረፍኩት» አልኳት።

ጨረሩም አለቀና ወደ ቤት የተመለስንበት ቀን መጣ። ከስቷል፣ አንገቱ ላይ ጠባሳ አለ፣ አፉ ደርቋል፤ በፕላስቲክ በያዘው ውኃ ያረጥበዋል። መናገር ጀምሯል፤ ግን ቃሉ በአፉ ውስጥ የሚንከባለል ትኩስ ድንች ይመስላል። ልጄ ቤት የሚናገረው ለማንም አይገባም፤ እኔ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን ስለማውቀው እሞላለሁ። እሱም ይሄን ስላወቀ ሰው ፊት ዝም ማለት አብዝቶ ነበር። ይሄ ዝምታ ነው ከካንሰሩ ይልቅ ያስፈራኝ።

ከመነኸሪያ ስንነሳ ከፊታችን ያለው ወንበር ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር፤ እንደ እኛው ወደ ቡታጅራ የምትሄድ፣ የመስቃን ሴት። ሰላምታ ተለዋወጥን። ልጇ አረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ እንደጠፋባት ነገረችኝ። እየነገረችኝ ዓይኗ የእሱን ጢምና ጥምጣም አየ። ዞር አለችና፣ «አባባ፣ እባክዎ ዱዓ ያድርጉልኝ» አለችው።

እኔ አፌን ከፍቼ «አሞታል» ልላት ነበር። እሱ አየኝ። ጉልበቴን ነካ አደረገና ዝም አሰኘኝ። ውኃውን ጎንጨት አለ። ከዚያ እጆቹን በዚያ ጠባብ ወንበር ላይ እንደምንም ዘርግቶ ጀመረ።

ምን እንዳለ አላህ ያውቃል። እኔ «ልጅ» የሚል ሰማሁ፣ «ባሕር» የሚል ሰማሁ፣ ሌላው እንደ ጎርፍ ውኃ ተደባልቆ ፈሰሰ። ሴትዮዋ ግን እጇን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በየመሃሉ «አሚን» ትላለች። ከጎኗ ያለው ሰውዬ «አሚን» አለ። ከኋላችን ያሉት ተቀበሉት። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ቀነሰ። እሱም እንደ ድሮው ላለመጨረስ ጨከነ፤ ለልጅቱ ጀምሮ፣ ከድምፁ አወራረድ እንደገባኝ፣ ለከብቱም፣ ለዝናቡም፣ ለመንገዱም ደርሷል። ሴትዮዋ በመጨረሻ ፊቷን በመዳፏ አበሰች፤ ትንፋሿ ወርዶ፣ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

ቡታጅራ ስንወርድ ክንዴን ይዞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ገባት?» አለኝ።

«አንዲት ቃል አልገባትም» አልኩት።

«አሚን አላለችም?»

«ብላለች።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝና ቀድሞኝ ወደ ቤት መንገዱን ያዘ።